ስንት ዳታ ሲሆን የትኛው ዳታቤዝ?

በ2020 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሴፕቴምበር ማብቂያ ላይ እንግሊዝ ውስጥ በኮቪድ የተያዙ 15,841 ሰዎች በመንግሥት ዕለታዊ ቁጥር ውስጥ ሳይገቡ ቀሩ። ምርመራው ተሠርቷል፤ ሰዎቹም ውጤታቸው ተነግሯቸዋል። ነገሩ የተበላሸው ከላቦራቶሪ የመጣው ዝርዝር ወደ ማዕከላዊው ሲስተም ሲገባ ነው። የአገሪቱ የኅብረተሰብ ጤና መሥሪያ ቤት ዝርዝሩን ያስተላልፍ የነበረው በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ሲሆን፣ ይህ ፋይል 65,536 ረድፍ ሲሞላ በቃኝ ይላል። የአንድ ሰው ውጤት ብዙ ረድፍ ስለሚፈጅ አንድ ፋይል የሚይዘው 1,400 ያህል ሰው ብቻ ነበር። የተረፈው ማንም ሳያውቅ ተቆርጦ ቀረ። ከእነዚያ ሰዎች ጋር ንክኪ የነበራቸውን መፈለግ የተጀመረውም ቀናት ካለፉ በኋላ ነው።

ይህ ታሪክ በተነሣ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም፦ «ለምን ትልቅ ዳታቤዝ አልገዙም?» የሚል። 15,841 ሰው ግን ምኑም ትልቅ አይደለም፤ የማንም ስልክ ሳይደክም ይይዘዋል። ዳታቤዝ ሲመረጥ የጊጋባይቱ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የሚቀድሙት ሌሎች ናቸው፦ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይጽፍበታል? ምን ዓይነት ጥያቄ ይቀርብለታል? ሲሞላስ ይጮኻል ወይስ ዝም ይላል?

በኤክሴል እንጀምር፤ አገሩ ሁሉ የሚሠራው በእሱ ነውና። አዲሱ ኤክሴል በአንድ ሺት 1,048,576 ረድፍ ይይዛል፤ ለብዙ ቢሮ ከበቂ በላይ ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ሲጻፍለት ቁጥር መስሎት ፊት ያለችውን ዜሮ ይበላታል። ዕድሜ በሚሞላበት አምድ ላይ «አይታወቅም» ተብሎ ቢጻፍ አይከለክልም። ከዚያ ደግሞ «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች በቴሌግራም መዞር ይጀምራሉ፣ የትኛው እውነተኛው እንደሆነም የሚያውቅ ይጠፋል። የማይክሮሶፍቱ አክሰስ ይህን በከፊል ያስተካክላል፤ እሱ ግን 2 ጊጋባይት ላይ ይቆማል።

ከኤክሴል ቀጥሎ ያለው ደረጃ ስሙ ብዙም የማይነሣው ኤስኪውላይት ነው። ሪቻርድ ሂፕ የተባለው አሜሪካዊ በ2000 የጀመረው ለአንድ የባሕር ኃይል የጦር መርከብ ይሠራ ለነበረው ሶፍትዌር ነው። መርከቡ ላይ የነበረው ፕሮግራም የሚሠራው በሌላ ኩባንያ ዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ተደግፎ ስለነበር፣ ሰርቨሩ ሲወድቅ ፕሮግራሙም አብሮ ይወድቃል። ሂፕ የጠየቀው ቀላል ነገር ነው፦ ሰርቨሩ ለምን ያስፈልጋል? ዳታው ለምን ተራ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ፕሮግራሙ ራሱ አያነበውም? ዛሬ ኤስኪውላይት በእያንዳንዱ አንድሮይድና አይፎን ውስጥ አለ። ዋትሳፕ የሰውን መልእክቶች አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚያስቀምጠው በኤስኪውላይት ፋይል ነው።

ጣሪያው 281 ቴራባይት ስለሆነ በመጠን የሚያማርር አይኖርም። እውነተኛ ገደቡ ጽሑፍ ላይ ነው፤ በአንድ ቅጽበት መጻፍ የሚችለው አንድ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። አንዱ ጽሑፍ በሚሊሰከንድ ስለሚያልቅ ይህ ከሚመስለው በላይ ያስኬዳል። አዘጋጆቹ ራሳቸው በቀን ከ100,000 በታች ጉብኝት ያለው ድረ ገጽ በኤስኪውላይት ያለ ችግር ይሠራል ይላሉ፣ ይህንንም ጥንቃቄ የተሞላበት ግምት ይሉታል። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ፦ ፋይሉን ሼርድ ፎልደር ላይ አስቀምጦ ከተለያዩ ኮምፒውተሮች እንዲጻፍበት ማድረግ ዳታውን ሊያበላሽ ይችላል። የኛ ቢሮዎች ደግሞ መጀመሪያ የሚያስቡት ሼርድ ፎልደሩን ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። 5,000 አባላት ያሉት አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ እንበል። እያንዳንዱ አባል በወር 10 ጊዜ ገቢ ወይም ወጪ ቢያደርግ በወር 50,000፣ በዓመት 600,000 ረድፍ ይሆናል። አንዱ ረድፍ 200 ባይት ቢፈጅ የዓመቱ 120 ሜጋባይት ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ቢሰበሰብ 1.2 ጊጋባይት፤ ለፍለጋ የሚሆነው ኢንዴክስ ተጨምሮበት እጥፍ ቢሆን እንኳ ከአንድ ፊልም አይበልጥም። ይህን ያህል ዳታ በጣም ርካሹ ላፕቶፕ ሜሞሪ ውስጥ ጠቅልሎ ይገባል። ስለዚህ ለዚህ ማኅበር «ቢግ ዳታ» የሚል ፕሮፎርማ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ካለ በትህትና ሻይ ጠጥቶ ቢሸኝ ይሻላል።

ይኸው ማኅበር አምስት ቅርንጫፍ ከፍቶ አምስቱም ገንዘብ ተቀባዮች በአንድ ሰዓት ሲመዘግቡ፣ ሒሳብ ሹሙም በዚያው መሐል ሪፖርት ሲያወጣ ነገሩ ይለወጣል። ዳታው ያው 1.2 ጊጋባይት ነው፤ የበዛው ጸሐፊው ነው። ማይኤስኪውኤልና ፖስትግሬስ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ሰርቨር ናቸው፤ ጠያቂዎችን ያስተናግዳሉ፣ ማን ምን እንዲያይ እንደተፈቀደለት ያውቃሉ፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው እንዲያነብ ያደርጋሉ፣ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይገባ መብራት ቢጠፋ ወጪውን ራሱን ይሰርዛሉ።

ማይኤስኪውኤልን በ1995 ያወጡት ስካንዲኔቪያውያን ናቸው። ዋናው ሠሪ ሚካኤል ቪዴኒየስ ስሙን የሰጠው በሴት ልጁ በሚይ ነው። ምርቱ በሽያጭ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በ2010 ኦራክል ዘንድ ደረሰ፤ ቪዴኒየስ ግን ቀድሞ ኮዱን ይዞ ወጥቶ ማሪያዲቢን ጀምሮ ነበር፣ እሱንም በታናሽ ሴት ልጁ ስም። ፖስትግሬስ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፤ ማይክል ስቶንብሬከር በርክሌይ ላይ በ1986 የጀመረው። ከሁለቱ የቱ ይሻላል የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ዛሬ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ፖስትግሬስ ይሻለዋል፤ ከተሳሳተ ዳታ ጋር የማይደራደር ነውና።

እነዚህ ምን ያህል ይችላሉ? መልሱ ዊኪፔዲያ ላይ አለ። ዊኪፔዲያ በ2013 ከማይኤስኪውኤል ወደ ማሪያዲቢ ዞሯል፤ እያንዳንዱ ቋንቋም የየራሱ ዳታቤዝ አለው። አማርኛው 15,000 ያህል ጽሑፍ ያለው ትንሽ ዳታቤዝ ስለሆነ ከብዙ ትናንሽ ዊኪዎች ጋር ሰርቨር ይጋራል። ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ ያለው እንግሊዝኛው ግን የራሱ የሰርቨር ቡድን አለው፤ አንዱ አዲስ የሚጻፈውን ይቀበላል፣ ሌሎቹ ቅጂውን ይዘው አንባቢ ያስተናግዳሉ። ሶፍትዌሩ አንድ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአደረጃጀት ነው።

አገር ቤትም ምሳሌ አይጠፋም። የፋይዳ መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር መዝገቦቹን የሚይዘው በፖስትግሬስ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት፣ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተወለደው ዲኤችአይኤስ 2ም እንዲሁ። በዚህኛው ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች አንድ ቅሬታ በደንብ ያውቃሉ፦ «ጠዋት ያስገባሁት ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ ለምን የለም?» ምክንያቱ ሲስተሙ የገባውን ጥሬ ዳታ በቀጥታ አይደምርም፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ላይ ለሪፖርት የሚመቹ ሌሎች ሰንጠረዦችን አዘጋጅቶ ያድራል። ዳሽቦርዱ የሚያነበው እነሱን ነው።

ይህ ቅሬታ ወደ ሌላው ትልቅ ልዩነት ያደርሳል። ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል ዳታውን በረድፍ ነው የሚያስቀምጡት፤ የአንዲት እናት ካርድ ሲፈለግ ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ የክትትል ቀኗ አንድ ቦታ ላይ ይገኛል። «ባለፉት አምስት ዓመታት በየክልሉ ስንት ወሊድ ነበር?» ሲባል ግን ከ50 አምድ የሚፈለጉት ሁለት ሦስቱ ሆነው ሳለ ረድፉ ሁሉ መነበብ አለበት። በአምድ የሚያስቀምጡት ዳታቤዞች የሚያነቡት የተጠየቁትን አምዶች ብቻ ነው፤ በአንድ አምድ ውስጥ ያለው ዳታ ተመሳሳይ ስለሚሆንም በጣም ይጨመቃል። ክሊክሃውስ የዚህ ዓይነት ነው፤ የሩሲያው የኢንተርኔት ኩባንያ ያንዴክስ ለድረ ገጽ ጉብኝት ቆጠራ ሠርቶት በ2016 ለሕዝብ ክፍት አደረገው። አምስተርዳም ከሚገኝ የምርምር ማእከል የወጣው ደክዲቢ ደግሞ ይህንኑ ጥበብ ያለ ሰርቨር ላፕቶፕ ላይ አመጣው። ኤክሴል ሊከፍተው ያቃተውን የአሥር ሚሊዮን ረድፍ ፋይል ደክዲቢ በሰከንዶች ይደምረዋል። ለተመራማሪዎችና ለሪፖርት ክፍል ሠራተኞች ከእሱ የተሻለ ስጦታ ሰሞኑን አልታየም። ተቃራኒው ደግሞ እውነት ነው፤ በየደቂቃው ነጠላ ረድፍ እየተስተካከለበት የባንክ ሒሳብ እንዲይዝ ክሊክሃውስን የሚተክል ሰው ጣጣ ገዝቷል።

እውነተኛው ትልቅ ዳታስ? የዲስኮርድ ታሪክ እዚህ ላይ ያስተምራል። የቻት ኩባንያው በ2015 ሲጀምር መልእክቶቹን ያስቀመጠው ሞንጎዲቢ ላይ ነው፤ ቶሎ ተነሥቶ ለመሥራት ይመቻልና። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ መልእክቱ 100 ሚሊዮን ሲደርስ ዳታውና ኢንዴክሱ ሜሞሪ ውስጥ አልገባ አለ፤ ምላሹም አንዴ ፈጣን አንዴ ዘገምተኛ ሆነ። ወደ ካሳንድራ ተዛወሩ። ካሳንድራን ፌስቡክ ለራሱ ሠርቶ በ2008 የለቀቀው ሲሆን፣ ዳታን በብዙ ማሽኖች ላይ ያከፋፍላል፤ ማሽን ሲጨመር አቅሙ ይጨምራል፣ አንዱ ቢሞት ሌሎቹ ይቀጥላሉ።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ካሳንድራ ላይ ሁለት ሰንጠረዥ አጣምሮ መጠየቅ የለም፤ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ታውቆ ሰንጠረዡ በዚያው ልክ መሠራት አለበት። ዲስኮርዶች መልእክቱን በቻናልና በጊዜ እየከፋፈሉ አስቀመጡት። ብዙ ሕዝብ ያለበት ቻናል ላይ ለሁሉም የሚደርስ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሁሉም በአንዴ ያንኑ ክፍል ስለሚያነቡ እሱን የያዙት ማሽኖች ይጨናነቃሉ፣ ሌሎቹ ግን ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። 177 ማሽን ተደርድሮ መጨናነቁ አልቀረም! በ2022 ሲላዲቢ ወደተባለ ሌላ ዳታቤዝ ሲዛወሩ መልእክቱ ትሪሊዮኖች ደርሶ ነበር። ዝውውሩ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ማሽኑ ወደ 72 ወረደ። ከዳታቤዙ በፊት ደግሞ አንድ ብልሃት ጨመሩ፦ ብዙ ሰው ያንኑ መልእክት በአንድ ቅጽበት ቢጠይቅ ዳታቤዙ የሚጠየቀው አንዴ ብቻ ነው፣ መልሱ ለሁሉም ይታደላል። የመጨናነቁ አንዱ መድኃኒት ይህ ነበር፤ ያለ ዳታቤዝ ለውጥም ሊሠራ የሚችል።

በሌላ ወገን ስታክ ኦቨርፍሎው አለ። የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ የሚጠያየቅበት ይህ ገጽ በ2016 በቀን ከ66 ሚሊዮን በላይ ገጽ ሲያስተናግድ ዳታው የነበረው ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ በሚሠራባቸው አራት ማሽኖች ላይ ነው። ብዙ ሜሞሪ፣ በጥንቃቄ የተጻፉ ጥያቄዎች፣ በቃ። እዚህ ላይ ለጀማሪ የሚጠቅም ማሳሰቢያ፦ ነፃው የኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ እስከ 2022 እትም ድረስ በ10 ጊጋባይት የተገደበ ነው። ገደቡ የቴክኒክ አይደለም፣ የፈቃድ ነው፤ ሲሞላ ወይ ይከፈላል ወይ ይሰደዳል።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ደግሞ አንድ ሌላ ሒሳብ አለ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲሆን የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። በኦራክል የራሱ ዳታቤዝ ላይ የስም አምድ 30 ተብሎ ሲፈጠር፣ ካልተነገረው በቀር የሚቆጥረው ባይት ነው፤ ለአማርኛ 10 ፊደል ማለት ነው። «ወልደገብርኤል» 8 ፊደል፣ 24 ባይት፤ የአባት ስም ሲጨመር ኦራክል አልቀበልም ይላል። ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል የሚቆጥሩት ፊደል ስለሆነ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

የባሰው ፍለጋው ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሃይሉ»፣ ሦስተኛው «ሀይሉ» ብሎ ይመዘግባል፤ ለዳታቤዙ ሦስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ፀ» እና «ጸ»፣ «ዐ» እና «አ»ም እንዲሁ። ከኤስኪውላይት እስከ ካሳንድራ ይህን በራሱ የሚያውቅ የለም። መፍትሔው ስሙን ሰው እንደጻፈው አንድ አምድ ላይ ማቆየት፣ ፊደሎቹ ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ የተለወጡበትን ደግሞ በሌላ አምድ አስቀምጦ ፍለጋውን በእሱ ላይ ማድረግ ነው። ለዚያ ማኅበር 5,000 አባላት፣ በስም 15 ፊደል ቢታሰብ፣ ተጨማሪው አምድ የሚፈጀው 225 ኪሎባይት ነው።