ላፕቶፑ ሲዘጋ ስክሪኑ ላይ ምን ይቀራል?

ለመሆኑ ላፕቶፓችሁን አጥፍታችሁ ስክሪኑን በመስኮት ብርሃን ከጎን ተመልክታችሁት ታውቃላችሁ? አብዛኛው ሰው የሚያየው በርቶ ሳለ ነውና ጉዱ አይታየውም። ጠፍቶ ሲታይ ግን ከስክሪኑ በታችኛው ግማሽ ላይ በሰልፍ የተደረደሩ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች፣ ወደ መሃሉ ደግሞ አንድ ረዘም ያለ መስመር ብቅ ይላሉ። አራት ማዕዘኖቹ የፊደል ቁልፎቹ አሻራ ሲሆኑ መስመሩ የረጅሙ የስፔስ ቁልፍ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ የኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ የሚገናኘው ከስክሪኑ ግርጌ ጋር ስለሆነ አሻራው ተገልብጦ ይገኛል።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት ኮንዶሚኒየሞች ስንቱ ቤት አንድ ላፕቶፕ ለሦስትና ለአራት ልጆች እንደሚያገለግል የምታውቁት ነው። ቀን ታላቅየው ዩኒቨርሲቲ ይዞት ይሄዳል፤ ማታ ታናናሾቹ ተራ ይጠብቃሉ። የዩኒቨርሲቲ የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ሲሰጥ፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር ተሰጥቷል። እንግዲህ ላፕቶፕ የቅንጦት ዕቃ ነው የሚባልበት ጊዜ አልፏል። የተገዛውም አንድም በዕቁብ፣ አንድም ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች እህት በላከችው ገንዘብ ነው። ብዙዎቹ በውጭ አገር ቢሮዎች አገልግለው ለሁለተኛ ገበያ የመጡ ስለሆኑ፣ ስክሪኑ ከተበላሸ የማስቀየሪያው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲተያይ ሰውን ያስደነግጣል።

መገናኛ አካባቢ በአንድ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ቆሜ የሰማሁት ንግግር የችግሩን ሥር ያሳያል። አንድ ጎልማሳ አባት የልጃቸውን ላፕቶፕ ይዘው መጥተዋል።

«ይህን ቆሻሻ አንሣልኝ፤ እኔ ብፈትገው ብፈትገው አልለቅ አለኝ።»

ወጣቱ ባለሙያ ስክሪኑን ወደ ብርሃኑ አዘነበለው። «አባቴ፣ ይሄ ቆሻሻ አይደለም። ተጭሯል።»

«ቁልፉ ነው የጫረው?»

«ቁልፉ ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ብቻውን ይህን ያህል አይጎዳም። ቁልፉ ላይ የነበረው አቧራ ነው። የፈተጉበት ጨርቅም ሳያግዘው አልቀረም።»

የልጁ መልስ ትክክል ነው። የአቧራ አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ሲሆን፣ ሞህስ በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ ወደ 7 ይደርሳል። ተራ መስታወት ከ5 ተኩል ብዙም አያልፍም። በዚያ ላይ የማያብረቀርቁት፣ ማለትም በቢሮ ላፕቶፖች ላይ የምናያቸው ደብዛዛ ስክሪኖች፣ ላያቸው መስታወት ሳይሆን ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ ነው። እንግዲህ የአሸዋ ቅንጣት በቁልፉና በስክሪኑ መካከል ገብታ ከላይ ሸክም ሲጫናት፣ ቦርሳውም በተንቀጠቀጠ ቁጥር ስትፈትግ ማሰብ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ሲቆፈር የነበረውን አቧራ ያየ ሰው፣ መስኮቱ ተከፍቶ ያደረ ኪቦርድ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም።

ሁለተኛው ጠንቅ ቅባት ነው። ይህኛው አይጭርም፤ አሻራውን ግን ያትማል። የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ እጁን ቫዝሊን ወይም ሎሽን የማይቀባ ጥቂት ነው። ሽቶውም አለ። በረመዳን ሌሊት ለፈተና የሚያጠና ልጅ በአንድ እጁ ሳምቡሳ፣ በሌላው ኪቦርድ ይዞ ስናገኘው ምን እንላለን? ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሳኒታይዘር ተጨምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው አሠራር መሠረት በሚዘጋጀው ሳኒታይዘር ውስጥ እጅ እንዳይደርቅ ተብሎ ጥቂት ግሊሰሪን ይገባል። አልኮሉ ሲተን ግሊሰሪኑ ጣት ላይ ይቀራል፤ ከጣት ወደ ቁልፍ፣ ከቁልፍም ወደ ስክሪን ይሻገራል። እጅ ቅባት አለው ተብሎ መቼም ሥራ አይቆምም፤ ነገር ግን ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ኪቦርዱን በደረቅ ንጹህ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ አይደለም። በእኔ ግምት ከመፍትሔዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። ሰዎች ዘወትር ስክሪኑን ይጠርጋሉ፣ አሻራውን የሚያትመውን ኪቦርድ ግን ይረሱታል።

ሦስተኛው፣ የሁሉም አባባሽ፣ ከክዳኑ በላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ ተዘግቶ ሲቀመጥ በስክሪኑ ጠርዝ ያሉት ትናንሽ ጎማዎች ክዳኑን ከቁልፎቹ ከፍ አድርገው ይይዙታል። ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ሲጨናነቅ ግን ክዳኑ መሃሉ ላይ ይጎብጥና ቁልፎቹን ይነካል። ከአያት ወደ መገናኛ በጠዋት የሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ምን እንደሚሆን ገምቱ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፤ ተማሪው ቦርሳውን ከጀርባው ሳያወርድ ወንበሩን ይደገፋል፤ ቀጥሎ የገባው ደግሞ ዕቃውን ጭኑ ላይ ያስደግፈዋል። በባቡሩም ቢሆን በሥራ መግቢያ ሰዓት የቆመ ሰው ጀርባ ከበር ጋር ይጣበቃል። ጫናው ሲበዛ ጉዳቱ ከአሻራ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፦ በርቶ ሲታይ ነጫጭ ነጥቦች የሚታዩበት ስክሪን ብዙውን ጊዜ የተጫነ ስክሪን ነው። እሱን ደግሞ ጠረጋ አያድነውም።

ስለዚህ ታክሲ ውስጥ ቦርሳውን አውርዶ ጭን ላይ በቁሙ መያዝ ነው። ቦርሳው ውስጥ ሲገባም ክዳኑ ወደ ለስላሳው የጀርባ መደገፊያ፣ ጠንካራው የታችኛው ሆድ ወደ መጻሕፍቱ ይዙር። የቻርጀሩ ጡብ በፍጹም ከክዳኑ ጋር አይጎራበት፤ ለእርሱ የፊት ኪስ አለለት። የመድረሳ ልጅ ሉሑን እንዴት እንደሚሸከም፣ ኪታብ ላይም ሌላ ዕቃ እንደማይከመር ቤተሰብ ያስተማረው ስለሆነ፣ ይህን ሥርዓት ለመልመድ ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም።

«በመካከሉ ጨርቅ ብናደርግበትስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይደረጋል፤ ነገር ግን ስስ መሆን አለበት። የመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ስስ ጨርቅ መልካም ነው፣ እሱም ንጹህ ከሆነ። ፎጣ አጥፎ ማስገባት ግን ራሱ ጫና ነው። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች እየሳሱ በመሄዳቸው በክዳኑና በኪቦርዱ መካከል የተተወው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 የማክቡክ ባለቤቶች ካሜራው ላይ ሽፋን ለጥፈው ክዳኑን እንዳይዘጉ፣ ግድ ከሆነባቸውም ውፍረቱ ከተራ የማተሚያ ወረቀት፣ ማለትም ከ0.1 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ያስጠነቀቀው ለዚሁ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው የጎማ የኪቦርድ ልባስም ከአቧራና ከሻይ ፍሳሽ ይጠብቃል፤ ሲዘጋ ግን ወፈር ያለው ቢነሣ ይሻላል።

ከቢሮ ወጥተው ከሚሸጡት መካከል ቲንክፓድ የገዛችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው፣ ኋላም በ2005 ወደ ሌኖቮ የተላለፈው ይህ ዓይነት ላፕቶፕ በፊደሎቹ መካከል ቀይ የጎማ ነጥብ አለው። ቆቡ ሲያልቅ ሌላ ይገዛለታል። ለቀድሞዎቹ ወፍራም ሞዴሎች የተሠራው ረጅም ቆብ በስሱ ሞዴል ላይ ከተተከለ ግን ከቁልፎቹ በላይ ስለሚቆም ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ምልክት ይተዋል።

አሻራው ከወጣስ? መጀመሪያ መለየት ነው። አጥፍታችሁ፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ጠብቃችሁ፣ አቧራውን ሳትጫኑ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አርግፉት። ቀጥሎ ጨርቁን በጥቂት ንጹህ ውሃ አርሳችሁ፣ ጨምቃችሁ በቀስታ ጥረጉ። ውሃውን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ መርጨት አይገባም፤ በጠርዙ ወርዶ ውስጥ ይገባል። ከለቀቀ ቅባት ነበር ማለት ነው። ካልለቀቀ ጭረት ስለሆነ ኃይል መጨመሩ ጭረቱን ከማስፋት ሌላ ጥቅም የለውም። ለቤት መስኮት የለመድነው በጋዜጣ መወልወል፣ የመስታወት ማጽጃ ፈሳሹ፣ ሶፍቱ፣ አቧራ የጠጣው የሻሽ ጫፍም ለዚህ አይሆኑም። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ የስክሪኑን ልባስ ይበላዋል።

ላፕቶፕ ልትገዙ የምትሄዱ ደግሞ ሻጩን «አጥፋልኝ» በሉትና ስክሪኑን ከጎን እዩት። ከዚያም በጠርዙ ዙሪያ ያሉትን ጎማዎች ቁጠሩ። አንዱ ከወደቀ ክዳኑ በዚያ በኩል ዝቅ ብሎ ቁልፍ ይነካል። ዋጋውን ስትከራከሩ ይህንንም አንሡ፤ የጎደለውን ጎማ ከሌሎቹ እኩል ቁመት ባለው ካላስተካከለላችሁ በቀር አትረከቡት።