ጆርጄት ሄየር፦ የታሪካዊ ፍቅር ልቦለድ ደራሲ

ጆርጄት ሄየር እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን፣ ዊምብልደን ውስጥ ተወለደች። በሄሞፊሊያ፣ ማለትም ደም ቶሎ እንዳይረጋ በሚያደርግ ሕመም፣ የሚሠቃይ ወንድሟን ለማጫወት የጀመረችው ታሪክ በ1921 «ጥቁሩ የእሳት እራት» ተብሎ ሲታተም ገና 19 ዓመቷ ነበር። በ1925 የማዕድን መሐንዲሱን ሮናልድ ሩዢየርን አገባች። ሥራው ወደ ታንጋኒካ ሲወስደው አብራው ሄዳ፣ ከሣር በተሠራ ጎጆ ተቀምጣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝን ጻፈች።

ስሟ በይበልጥ የሚነሣው ግን እንግሊዝ በእንደራሴ በተዳደረችበት ዘመን (1811–1820) ላይ ባተኮሩት ልቦለዶቿ ነው። የፍቅር ታሪክ ሁሉ ሳይጨነቁ የሚጻፍ የሚመስለው አንባቢ የእርሷን ማስታወሻ ደብተሮች ቢያይ ይገረማል፤ ስለ ባርኔጣና ጫማ ዓይነት፣ ስለ ሠረገላ፣ ስለ ሱረት መያዣ ሳይቀር እየነደፈች ትመዘግብ ነበር። ስትሞት ከ1000 በላይ የታሪክ ማጣቀሻ መጻሕፍት ነበሯት። በ1937 የወጣው ልቦለዷ የዋተርሉን ጦርነት በዝርዝር ይተርካል።

መጽሐፎቿ በብዛት ቢሸጡም ሐያስያን ብዙም ቦታ አልሰጧቸውም፤ እርሷም ለጋዜጠኞች ቃለ መጠይቅ አትሰጥም ነበር። በ1974 በሳንባ ካንሰር ሞተች። ብዙ አንባቢዎቿ የባሏን ስም ያወቁት ከሞቷ ዜና ነው።