የዳባት ሕፃናትና የጋራ መዝገባቸው

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ መንደሮች ሕፃን ቤት ውስጥ ሲሞት፣ የሞቱን ምክንያት የሚጽፍ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ የለም። ቤተሰቡ አልቅሶ ይቀብረዋል፤ ብርድ ነው ወይም ምች ነው ይባልና ነገሩ በዚያው ይቀራል።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በሰሜን ጎንደር በሚገኘው የዳባት ወረዳ ግን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት መመዝገብ የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነበር። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዳባት ምርምር ማዕከል ከደጋ፣ ከወይና ደጋና ከቆላ የተመረጡ 13 ቀበሌዎችን ሲከታተል ቆይቷል፤ 4ቱ የከተማ፣ 9ኙ የገጠር ናቸው። ቤቶቹን መመዝገብ አንድ ነገር ነው። ብዙ ሙያ የሚጠይቀውን የሕፃናት ጤና ጥናት ማን ከማን ጋር ይሥራው የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም አልተዘጋም።

የሕፃኑን የሞት ምክንያት የማጣራቱ ሥራ የሚጀምረው ከመረጃ ሰብሳቢው ነው። የሐዘኑ ቀናት ካለፉ በኋላ እናቲቱን ይጠይቃል። እንደተወለደ አልቅሷል? ጡት ይጠባ ነበር? ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይል ነበር? ሲተነፍስ ደረቱ ይሰረጉድ ነበር? ሐኪሞች ይህን ቃል አንብበው የሞቱን መንስኤ ይወስናሉ። ጠያቂው ሽፍታ መኖሩን ሳያጣራ ሳል ነበረው ብሎ ካለፈ፣ ኩፍኝን ከሳንባ ምች መለየት ለሐኪሙም ይቸግራል።

እንቅርትም አንድ ሙያ ብቻውን የማይወጣው ችግር ነው። የደጋ አፈር በዝናብ እየታጠበ አዮዲን ያንሰዋል፤ እጥረቱ አንገት ከማሳበጥ አልፎ የልጅን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። ሆኖም ጨው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከተሸጠ ወይም ቤት ውስጥ ክዳን በሌለው ዕቃ ከተቀመጠ አዮዲኑ ይቀንሳል። በዳባት ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት እንቅርትን አዮዲን ከሌለው ጨው በተጨማሪ ከምግብ ዓይነት ማነስና ከቤተሰብ የሀብት ደረጃ ጋር አያይዞታል። አንገት የሚዳስስ የጤና ባለሙያ፣ ጨው የሚመረምር የላቦራቶሪ ሰው፣ ማዕድ የሚያጠና የሥነ ምግብ ባለሙያና ስሌቱን የሚሠራ ሰው ካልተገናኙ እንዲህ ያለ መልስ አይገኝም።

ለጎንደር ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ጎን ለጎን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ያሰማራ ነበር።

ምርምርም በዚሁ መንገድ መደራጀት አለበት። የተለያዩ ሙያተኞች መጠይቁ ከመታተሙ በፊት አብረው ሊቀመጡ ይገባል፤ ያለዚያ ያችው እናት ለየጥናቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ስትመልስ ትውላለች። መረጃ ሰብሳቢውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሐሳቡ ሊሰማ ይገባል፤ የትኛው ጥያቄ እናቶችን እንደሚያስከፋ፣ የትኛው እንደማይገባቸው ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ውጤቱም በመጽሔት ታትሞ ብቻ እንዳይቀር፣ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በአማርኛ ተጽፎ ይድረሳት፤ የትኛውን ቤት አስቀድማ እንደምትጎበኝ የምትወስነው እሷ ናትና።