የሥዕል መጽሐፍ ስንት ቀን ይፈጃል?

ለመሆኑ ልጆች በደቂቃ አገላብጠው የሚጨርሱት የሥዕል መጽሐፍ ለሠዓሊው ስንት ቀን ይፈጅበታል? አብዛኛው 32 ገጽ ነው፤ አርእስቱና የመሳሰለው ሲቀነስ 14 ያህል ባለሁለት ገጽ ሥዕል ይወጣዋል። ለአንዱ ሦስት ቀን ብንይዝ 42 ቀን መሆኑ ነው፤ ያውም የእርሳስ ንድፉ ሳይቆጠር! ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ2002 እ.ኤ.አ. በሁለት ቋንቋ ያሳተሙትን የማሞ ቂሎን ተረት እንውሰድ። የሚያስቸግረው ቀለም መቀባቱ አይደለም፤ ማሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ያው ማሞ መምሰል አለበት። ቁምጣው እንኳ ቢለወጥ የአንደኛ ክፍል ልጅ «ይሄማ ሌላ ልጅ ነው» ማለቱ አይቀርም።

እኛ ደግሞ ለማስተማር ልምምድ ጎጆ የምንወጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ ስድስት ሥዕል በማኒላ ወረቀት ይበቃናል፦ ንድፉ 3 ቀን፣ ቀለሙ 18 ቀን። በዚህ ብርድ የውሃ ቀለም ቶሎ አይደርቅምና እርሳሱን ዛሬ ማታ እናንሳ።