ስለ ቁርቁራና ስለ ባለ ደንጊያ ፍሬ

በራያ ቆላ በሮቢት አካባቢ ቁርቁራ የሚባል እሾኻም ዛፍ ይበቅላል። ፍሬው ታናሽና ክብ ነው። እረኞች ከብት ሲጠብቁ ከዛፉ ሥር ይለቅሙታል፤ ሥጋውንም በልተው፥ በጥርስ የማይሰበረውን ጠንካራ ነገር እንትፍ ብለው ይጥሉታል። ይህ የተጣለው ነገር ምንድር ነው?

ብዙ ሰው ዘር ነው ይላል። ነገር ግን የዘር ቤት ነው እንጂ ዘር አይደለም። እንዲህ ያለው ፍሬ ሦስት ልብስ አለው። ፊተኛው ስስ ልጣጭ ነው፤ ሁለተኛው የሚበላው ሥጋ ነው፤ ሦስተኛው እንደ ደንጊያ የጠነከረ ቅርፊት ነው። ዘሩ በቅርፊቱ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። ስለዚህ ፍሬው ባለ ደንጊያ ይባላል።

ነገር ግን በዚህ ስም ሰው ሁሉ አንድ ነገር አያስብም። ፍሬ የሚነግዱ ሰዎች ባለ ደንጊያ ሲሉ ኮክንና ፕሪምን፥ የእነርሱንም ዘመዶች ብቻ ማለታቸው ነው። የዕፀዋትን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ቁርቁራን፥ ማንጎን፥ ወይራንና ዋንዛን ይጨምራሉ፤ የፍሬያቸው አሠራር አንድ ነውና። ቴምር ከእነዚህ ጋራ አይቈጠርም፤ በውስጡ ያለው ጠንካራ ነገር ራሱ ዘሩ ነውና።

ቅርፊቱ መጠንከሩ ዘሩን ይጠብቀዋል። ፍየል ፍሬውን ከበላች በኋላ በምታመሰኳበት ጊዜ ቅርፊቱን ትተፋዋለች። ዘሩም ሳይጐዳ ከእናቱ ዛፍ ርቆ ይወድቃል። ነገር ግን በጠንካራው ቅርፊት ውኃ ቶሎ አይገባምና ቡቃያው ይዘገያል። ስለዚህ ቁርቁራ ሊዘራ የሚወድ ሰው ዘሩን ሳይጨፈልቅ ቅርፊቱን በቀስታ ይሰብረዋል። የኮክን ቅርፊት የሚሰብር ልጅ ግን በውስጡ ያለውን መራራ ዘር አይብላ፤ የሚመርዝ ነገር አለበትና።

በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ድርቅና ራብ መታው፤ ብዙ ሰውም አለቀ። ዝናም በቀረ ጊዜ የእርሻው እህል ይደርቃል። ሥሩን ወደ ጥልቅ የሰደደ ቁርቁራ ግን ፍሬውን ለሰው፥ ቅጠሉን ለፍየልና ለግመል ይሰጣል። እንግዲህ ለአጥርና ለከሰል እያለ ዛፉን ቈርጦ ምትኩን የማይተክል ሰው፥ የልጆቹን የክፉ ቀን ስንቅ ያቃጥላል።

ፍሬውን የበላ ሰው ቅርፊቱን በመንገድ ከሚጥለው በአፈር ቢቀብረው ይሻላል። ለጥርስ የጠነከረውን ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይገባም፤ የነገ ዛፍ በውስጡ ተዘግቶበታልና።