ማኑዋሉ የጠፋበት ፕሪንተር

ያገለገለ ፕሪንተር ከነማኑዋሉ አይሸጥም። ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣም ይሁን ቆራሌው ተሸክሞ ያመጣው፣ መጽሐፉም ሲዲውም ቀድመው ጠፍተዋል፤ አንዳንዴ የኤሌክትሪክ ገመዱም አብሯቸው ሄዷል። ሻጩ ቢጠየቅ «ሲነሣ ይሠራ ነበር» ከማለት አያልፍም። ደግነቱ፣ ዕቃው ዶት ማትሪክስ ከሆነ፣ ማኑዋሉ የሚናገረውን አብዛኛውን ነገር ማሽኑን ራሱን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል።

ለምሳሌ ኢፕሰን ኤልኤክስ-300ን እንውሰድ። ጭንቅላቷ ላይ 9 ቀጫጭን ፒኖች በቁመት ተደርድረዋል። ፒኖቹ ሪባኑን ይመታሉ፣ ሪባኑ ወረቀቱ ላይ ነጥብ ይጥላል፣ ነጥቦቹ ተገጣጥመው ፊደል ይሆናሉ። ወረቀቱን የምትመታ ስለሆነች ካርቦን የተደረበበትን ደረሰኝ ከነቅጂው በአንድ ጊዜ ታወጣለች። ሌዘርም ሆነ ኢንክጄት ይህን አይችሉም፤ ይህች ጩኸታም ማሽን እስከ ዛሬ ከጡረታ የተረፈችውም በዚሁ ነው።

ያለ ማኑዋል መሥራት እንዲቻል ታሪክም አግዟል። ኢፕሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ኤምኤክስ-80 የተባለችውን ፕሪንተር አወጣ። አይቢኤም በቀጣዩ ዓመት የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ሲያቀርብ ይህችኑ ፕሪንተር የራሱን ስም ለጥፎ አብሮ ሸጣት። ከዚያ ወዲህ ሌሎች አምራቾች ዕቃቸው እንዲሸጥላቸው የኢፕሰንን ትእዛዞች መከተል ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ የአንዷን ጠባይ ያወቀ የብዙዎቹን ያውቃል። ስሟን ሰምተን የማናውቃት ፕሪንተር እንኳ ኮምፒዩተሩ ላይ በኢፕሰን ስም ብትመዘገብ ብዙ ጊዜ እሺ ትላለች።

ከሁሉ በፊት ጀርባዋ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከአሜሪካ የመጣች ከሆነች 120 ቮልት፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ከሆነች 100 ቮልት ሊል ይችላል፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። ይህን ሳያይ የሰካ ሰው ከዚያ በኋላ ማኑዋሉን ቢያገኘውም አይጠቅመውም። ቀጥሎ፣ ሳትበራ፣ ጭንቅላቷን በእጅ ቀስ አድርገው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንሸራቱ። ከከበደ የምትሄድበት ዘንግ አቧራና የደረቀ ቅባት ይዞታል ማለት ነው፤ ይጠረጋል። ወረቀት አልስብ ካለች ደግሞ ሞተሩን ከመጠርጠር በፊት ጎኗ ላይ ያለውን ማንሻ ይመልከቱ። ዳርና ዳሩ ለተበሳው ተከታታይ ወረቀት የሚሆነው ቦታ ሌላ፣ ለነጠላ ወረቀት የሚሆነው ሌላ ነው። በዚህች ማንሻ ብቻ ያለ ጥፋቷ «ተበላሽታለች» የምትባል ፕሪንተር አለች።

አሁን ወረቀት አጉርሰው፣ ከኮምፒዩተር ጋር ሳያገናኙ፣ ወረቀት የሚያሳልፈውን ቁልፍ እንደተጫኑ ያብሯት። የፊደሎቿን ዝርዝር በተከታታይ ማተም ትጀምራለች። ከዚህ አንድ ወረቀት ብዙ ይነበባል። ጽሑፉ ከደበዘዘ ሪባኑ አልቋል። በየፊደሉ ላይ አንድ ዓይነት አግድም ነጭ መስመር ካለ አንዱ ፒን አይመታም። ሁሉም ደህና ከወጣ ማሽኗ ጤነኛ ናት፤ ጥፋቱን ከኬብሉ ወይም ከኮምፒዩተሩ ዘንድ ይፈልጉ። ሪባኑን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፦ የደረቀውን በማኅተም ቀለም ማርጠብ ርካሽ መላ ይመስላል፤ ነገር ግን የሪባን ቀለም ፒኖቹንም ያለሰልሳል፣ የማኅተም ቀለም ግን ለዚያ አልተሠራም። ለኤልኤክስ-300 የሚሆነው 8750 የሚባለው ሪባን ለአሮጌዋ ኤፍኤክስ-80ም ይሆናል።

ኬብሉ በፕሪንተሩ በኩል 36፣ በኮምፒዩተሩ በኩል 25 ፒን ያለው ፓራለል ነው። አዲስ ላፕቶፕ ይህ መሰኪያ ስለሌለው ከዩኤስቢ የሚያገናኝ ገመድ ያስፈልጋል። ድራይቨር ካልተገኘ ዊንዶውስ ውስጥ «ጄነሪክ ቴክስት ኦንሊ» የሚባል አለ፤ እሱን መርጠው ጥቂት የላቲን ፊደል መስመሮች ይላኩ። መስመሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ከተደራረቡ ወይም በየመሐሉ ባዶ መስመር ከገባ አይደንግጡ። ቁጥር 13 ጭንቅላቷን ወደ መስመሩ መነሻ ይመልሳል፣ ቁጥር 10 ወረቀቱን አንድ መስመር ይገፋል። ኮምፒዩተሩና ፕሪንተሩ 10ን ማን ይጨምር በሚለው አልተስማሙም። 10 ብቻ ሲላክ በአንዳንድ ፕሪንተሮች ላይ ጽሑፉ ደረጃ እየሠራ ወደ ቀኝ ይወርዳል። በአሮጌዎቹ ይህ የሚስተካከለው በትንንሽ ስዊቾች ነው፤ ስዊች ሲቀየር ፕሪንተሯ ትጥፋ፣ ካልጠፋች አዲሱን ቦታ አታነብም።

በጣም የምወደው ግን የሁለት ቁልፎቹ ዘዴ ነው። ኤልኤክስ-300 ላይ ወረቀት የሚያሳልፈውንና ወረቀት የሚያጎርሰውን ቁልፍ አንድ ላይ እንደተጫኑ ካበሯት፣ የተላከላትን ሁሉ ትእዛዝ ሳትፈጽም በሄክሳዴሲማል፣ ማለትም ቁጥርና የላቲን ፊደል በሚቀላቅለው አቆጣጠር፣ በኮዱ ትጽፈዋለች። ኮምፒዩተሩ ምን እንደላከ በወረቀት ላይ ታጋልጣለች፤ ኬብሉ ከዋሸም ይታያል። በዚህ መንገድ «ሰላም»ን ዛሬ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ቢልኩላት ሦስት ኮድ ሳይሆን ዘጠኝ ትጽፋለች፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት ይላካልና። ሦስቱም ፊደላት በ«ኢ1 88» ይጀምራሉ። ማሽኗ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስለሌለ፣ አማርኛ እንደ ተራ ጽሑፍ ሲላክ የሚወጣው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው፤ ፕሪንተሯ አልተበላሸችም። አማርኛ የሚታተመው ትክክለኛው ድራይቨር ፊደሉን በነጥብ ሥሎ ሲልክላት ነው። አዝጋሚ ነው፤ ለ9 ፒን ደግሞ ፊደሉን ተለቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጨ እና ጬ ይምታታሉ።

ለኢንክጄት ግን ይህን ያህል አልደክምም። ለረጅም ጊዜ ቆሞ ቀለም የደረቀበት ጭንቅላት ብዙ ጊዜ ከማሽኑ በላይ ያስወጣል። ዶት ማትሪክስ ሊገዙ ከሄዱ ሁለት ነጭ ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ቁልፉን ተጭኖ አትሞ ካላሳየዎት አይክፈሉ።