አንድ በር፣ ሁለት መድኃኒት

ዲያዜፓምና ፌኖባርቢታል ለብዙ አንባቢያን እንግዳ ስሞች አይደሉም። የመጀመሪያው ጭንቀትን ለማርገብና አልቆም ያለ መንፈራገጥን ለማስቆም፣ ሁለተኛው ደግሞ በሀገራችን ጭምር የሚጥል በሽታን ለመቆጣጠር ይታዘዛል። ሁለቱም የሚሠሩት በአንጎል ሕዋሳት ላይ በሚገኝ በአንድ ዓይነት ፕሮቲን አማካይነት ነው። ሆኖም ዲያዜፓምን ለብቻው ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከከባድ እንቅልፍ በኋላ ሲያገግም፣ ፌኖባርቢታልን ከመጠን በላይ የወሰደ ግን ትንፋሹ ሊቋረጥ ይችላል። ለመሆኑ የሚያርፉበት ፕሮቲን አንድ ሆኖ ሳለ ውጤታቸው ስለምን ተለያየ?

እንደሚታወቀው የነርቭ ሕዋስ መልእክት የሚያስተላልፈው በኤሌክትሪክ ነው። በዕረፍት ላይ ሳለ ውስጡ ከውጭው ሲነጻጸር በ70 ሚሊቮልት ገደማ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ይህ ልዩነት ጠብቦ ከተወሰነ ወሰን ሲደርስ ሕዋሱ መልእክቱን ይለቃል። አንጎል አነቃቂ መልእክቶች ብቻ ቢኖሩት ኖሮ አንዱ ሕዋስ ሌላውን እየቀሰቀሰ መቆሚያ ባልተገኘለት ነበር። ልጓሙ በአንጎል ውስጥ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ የሆነው ጋማ አሚኖ ቢውቲሪክ አሲድ፣ በአጭሩ ጋባ፣ የተባለው ንጥረ ነገር ነው።

ጋባ የሚያርፍበት ዋነኛው ገቺ ተቀባይ ጋባ-ኤ ይባላል። አምስት የፕሮቲን ክፍሎች፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት አልፋ፣ ሁለት ቤታና አንድ ጋማ፣ እንደ ጎጆ ግድግዳ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ መካከላቸው ቀዳዳ ነው። ጋባ በአልፋና በቤታ መጋጠሚያ ላይ ሲያርፍ ቀዳዳው ለሚሊሰከንዶች ይከፈትና ኔጌቲቭ የሆነው የክሎራይድ አዮን ወደ ሕዋሱ ይገባል። (የ«ጋባ» እና የእኛው «ገባ» መመሳሰል አጋጣሚ ቢሆንም ለተማሪ ማስታወሻነት አይከፋም።) ክሎራይድ የገባበት ሕዋስ በቀላሉ አይቀሰቀስም።

ዲያዜፓም የሚያርፈው በሌላ ስፍራ፣ በአልፋና በጋማ መጋጠሚያ ላይ ነው። በዚያ ሆኖ ተቀባዩ ጋባን አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ በሩም ቶሎ ቶሎ ይከፈታል። ጋባ ቁልፍ ቢሆን ዲያዜፓም የማጠፊያው ዘይት ነው፤ ዘይት ብቻውን በር አይከፍትም። በመሆኑም ውጤቱ ጋባ ራሱ ሊያደርስ ከሚችለው ጣሪያ አያልፍም። ፌኖባርቢታልን የሚያጠቃልሉት ባርቢቹሬቶች ግን በሩ አንዴ ከተከፈተ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት እንዲሆን ያደርጋሉ፤ መጠናቸው ሲበዛ ደግሞ ያለ ጋባ ይከፍቱታል። እዚህ ላይ ጣሪያ የለም። በግንደ አንጎል ያሉት ትንፋሽን የሚመሩ ሕዋሳት ሳይቀሩ ጸጥ ይላሉ። ፍሉማዜኒል የተባለው መድኃኒት ዲያዜፓምን ከመጋጠሚያው ገፍቶ ሊያስለቅቀው ሲችል፣ ባርቢቹሬቶች የሚይዙት ስፍራ ሌላ በመሆኑ ለእነርሱ ማርከሻ አይሆንም።

የዲያዜፓም ጣሪያ ግን የሚጸናው መድኃኒቱ ብቻውን ሲሆን ነው። አልኮል የጋባን ሥራ ያበረታል፣ አነቃቂ ተቀባዮችንም ያዳክማል፤ እንደ ሞርፊን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም በራሳቸው መንገድ ትንፋሽን ይጫናሉ። ከእነዚህ ጋር የተወሰደ ዲያዜፓም ለሕይወት አስጊ ነው።

ማረጋጋትና ማስተኛት ሊነጣጠሉ ይችሉ ይሆን? እ.ኤ.አ. በ1999 በዙሪክ የሚገኙ ተመራማሪዎች በአይጦች አልፋ-1 ክፍል ውስጥ በ101ኛው ስፍራ ያለውን ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ በአርጂኒን ተኩ። አይጦቹ ዲያዜፓም ሲሰጣቸው እንቅልፍ አልጫናቸውም፤ ጭንቀታቸው ግን እንደ ወትሮው ቀነሰ። ማስተኛቱ በአልፋ-1 በኩል የሚመጣ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ግኝቱ ሳያስተኛ የሚያረጋጋ መድኃኒት ፍለጋን አነሣሥቷል፤ መንገዱ ግን በአይጥ እንደታየው ቀላል አልሆነም።

አንጎልም ዝም ብሎ አይቀበልም። መድኃኒቱ ለሳምንታት ሲዘወተር ተቀባዮቹ ለእርሱ የሚሰጡት ምላሽ እየደከመ፣ አነቃቂው ወገን እየበረታ ይሄዳል። በድንገት ቢቋረጥ ልጓሙ ላልቶ ብርቱው ወገን ብቻውን ይቀራል፤ ከእንቅልፍ ማጣት እስከ መንፈራገጥ የሚደርስ ችግርም ይከተላል። ሐኪሞች መጠኑን በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚቀንሱት ተቀባዮቹ ወደ ቀድሞ ጠባያቸው እስኪመለሱ ድረስ ነው።